የእሌኒ ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር

አብዶ የተመለሰ ሰው ታሪኩን የሚነግሩለት ሌሎች ናቸው። የእኔንም ባለቤቴ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለዕድር፣ ዕድርተኛው ለሰፈሩ ሁሉ ሲነግሩልኝ ከርመዋል፤ በየደረሰበት ትንሽ ትንሽ እየተጨመረበት። አሁን ተራው የእኔ ይሁን። የማስታውሰውን እንደማስታውሰው እጽፋለሁ። የማላስታውሰውን ባለቤቴ በምትምልበት ልክ ብቻ እጨምራለሁ።

የታሪክ መምህር ነበርኩ። ጥቂት ዓመታት ዱራሜ፣ የቀረውን ዕድሜዬን በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማለዳ ላይ ከጓሮዬ እንሰት መሃል ስወጣ ጭቃ አንሸራተተኝና በግራ ጎኔ ወደቅሁ። የጭኔ አጥንት ከዳሌው ሥር ተሰበረ። ጎረቤት ተሰበሰበና ወጌሻ ይጠራ ተባለ። ለእጅ ወይም ለቁርጭምጭሚት ቢሆን እኔም እሺ ባልኩ፤ የአገራችን ወጌሾች ስም ያወጡት በከንቱ አይደለም። ጤና መኮንን የሆነው የእህቴ ልጅ ግን አልሰማም አለ። «ጋሼ፣ የዳሌ ስብራት በዚህ ዕድሜ ካልተሠራ ሰው አልጋ ላይ ነው የሚቀረው። ከዚያ በኋላ የሚገድለው ስብራቱ አይደለም፤ የሳንባ ምቹ፣ የጀርባ ቁስሉና የደም መርጋቱ ነው» አለኝ። ሪፈር ተጻፈልኝና ከሆሳዕና ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ስሙን አልጠራም። አጥንቴን አሳምረው ሠርተውልኛል፤ ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ የምሄደው በነሱ እጅ ነው።

ቀዶ ጥገናው ቶሎ አልሆነም። አጥንቱን የሚይዘው ብረት ከውጭ ይገዛ ተባለ፤ ጆሃንስበርግ ያለው ልጄ ገንዘብ እስኪልክ ተጠበቀ። ቀጠሮ ተይዞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ሳልቀምስ አድሬ፣ ድንገተኛ ታካሚ መጣ ተብሎ ለማግስቱ ተላለፍኩ። ደም ወሰዱ፣ ግፊት ለኩ፣ ልቤን አዳመጡ፣ ደረቴን ራጅ አነሱ። መነጽሬ ተወልቆ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ገባ። «ነገር ትረሳለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ብጠየቅ አልረሳም እል ነበር። ባለቤቴ ብትጠየቅ ግን የምትናገረው ነበራት፦ ከመውደቄ አንድ ዓመት በፊት ጀምሮ አንዱን ወሬ በአንድ ምሽት ደጋግሜ እንደማወራ፣ የገበያ ዕቃ ሳልይዝ እንደምመለስ፣ የግፊት መድኃኒቴን መዋጥና አለመዋጤን እሷን እንደምጠይቅ። ይህን ሁሉ ይዛ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ከኦፕራሲዮን ወጥቼ የመጀመሪያው ቀን ደህና እንደነበርኩ ይናገራሉ። ሾርባ ጠጥቼ፣ ከልጄ ጋር በኢሞ ተነጋግሬ፣ ነርሷን አመስግኛለሁ አሉ። የተለወጥኩት ሲመሽ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ንግሥት እሌኒ ጥቂት ማለት አለብኝ። የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ናት። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፣ ከባሏ ሞት በኋላም በቤተ መንግሥቱ ለአሥርት ዓመታት ሥልጣን ይዛ ኖረች፤ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገሪቱን ያስተዳደረችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ለፖርቹጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ጽፋ ማቴዎስ በሚባል አርመናዊ ነጋዴ እጅ ላከች። ሰውየው በህንድ በኩል ዞሮ፣ ብዙ መከራ አይቶ፣ በ1514 ሊዝበን ገባ። በ1520 ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ ምፅዋ ከወረደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ይህን ታሪክ ስንት ክፍል ተማሪ እንዳስተማርኩት እግዜር ይወቀው። የሆሳዕና ትልቁ ሆስፒታል ስሟን ይዟል፤ ልጆቹ ስሟን ከበሩ ላይ ያውቁታል፣ ከኔ ክፍል ደግሞ ደብዳቤዋን።

በዚያ ሌሊት ማቴዎስ እኔ ነበርኩ። እንደ ሕልም አይደለም። ሕልም ሲነቁ ሕልም መሆኑ ይታወቃል። እኔ ግን ነቅቻለሁ፤ መብራቱ ይታየኛል፣ የሚያቃስት ሰው ይሰማኛል፣ የበርበሬና የዲቶል ሽታ ይሸተኛል። ደብዳቤው በግራ እጄ ነው። የተኛሁት ህንድ አገር፣ ጎዋ ወደብ ነው። በእጄ የገባው የግሉኮስ ቱቦ ወህኒ ያሰሩበት ገመድ ነው፤ የሽንት ቱቦውም እንዲሁ። ጥቁር ጃኬት ለብሶ ኮሪደሩ ላይ የሚመላለሰው ጥበቃ ደብዳቤውን ሊነጥቀኝ የመጣ ነው። መርከቡ ሊነሣ ነው። ባለቤቴ ስትይዘኝ ማን እንደሆነች ዐወቅሁ፤ እሷንም ገዝተዋታል ብዬ ደመደምኩ። ግሉኮሱን ነቀልኩ። የሽንት ቱቦውን ከነፊኛው ጎተትኩት። ደሙ አንሶላውን ሲያለብሰው እኔ የማስታውሰው ደብዳቤው እንዳይረጥብ እጄን ከፍ ማድረጌን ነው።

በተሠራ እግሬ ልቆም ስነሣ ያዙኝ። መርፌ ተወጋሁ፣ ዲያዜፓም መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። እጄን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩኝ። ነርሷ አንዲት ነበረች፣ በሽተኛው ክፍሉን ሞልቶታል፤ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ለሸመገለ አእምሮ ዲያዜፓምም ማሰርም መወናበዱን ያብሳሉ እንጂ አያበርዱም። ወህኒ ነኝ የሚልን ሰው ማሰር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ቀን ላይ ተኛሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ጀመረኝ። ወሬው ሆሳዕና ደረሰ። ሰይጣን ነው ተባለ፤ ሰው ሆስፒታል ደህና ገብቶ እብድ ሆኖ ሲወጣ እኛ አገር ሌላ ምን ይባላል? ጸሎተኞች መጡ። አንዱ ወጣት እጁን ግንባሬ ላይ ጭኖ «ውጣ!» ሲል፣ እኔ ደግሞ «መርከቡ ደረሰ ወይ?» ብዬ በደስታ ልነሣ ሞከርኩ አሉ። ባለቤቴ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። አብሯቸው የመጣ ሽማግሌ መጋቢ ነበር፤ ግንባሬን ዳሰሰና «ይህ ሰው ትኩሳት አለው። እንጸልያለን፤ ግን ሐኪም ጥሩ» አለ። ያ ሰው ሕክምና አልተማረም። እኔ ግን ነፍሴን ካተረፉት መካከል እቆጥረዋለሁ።

የመጣው ወጣት ሐኪም ስሜን አልጠየቀኝም። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ቁጠርልኝ አለኝ። እሑድ፣ ቅዳሜ ብዬ ሰኞ ገባሁና ወደ ጎዋ ተመለስኩ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀን ቀን ይሻለዋል? ከኦፕራሲዮኑ በፊትስ እንዴት ነበር?» አላት። በመጨረሻ ሰው ጠየቃት። ሽንቴ ተመረመረ፣ ኢንፌክሽን ተገኘ። ዲያዜፓሙ ቆመ፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ ፋሻው ተፈታ፣ አልጋዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። «መነጽሩ የታለ?» አለ፤ ከቦርሳው ወጥቶ ዐይኔ ላይ ሲሆን ጥበቃው ጥበቃ ሆነ። ወዲያው አልዳንኩም። ቢሆንም ሌሊቶቹ እያጠሩ ሄዱ። ዴሊሪየም ይባላል ብሎ ጽፎ ለእህቴ ልጅ ሰጠው፤ በድንገት የሚመጣ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ በመጀመሪያ ትኩረትን የሚበትን የአእምሮ መወናበድ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንደኔ የሚጮኸውን ነው። ፊት ለፊቴ የተኙ ከዶዮገና የመጡ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው አልጮኹም። ግድግዳ እያዩ ዝም ብለው ይውሉ ነበር፤ ሲያበሏቸው ይውጣሉ፣ ካላበሏቸው አይጠይቁም። ሁሉም «እኚህስ ጨዋ ሰው ናቸው» ይሉ ነበር። ዝም የሚያሰኘው ዓይነት ከሚያስጮኸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። እኔ ስለ ጮህኩ ሐኪም ተጠራልኝ።

ቤት ገባሁ። ቡላ ገንፎ በቅቤ እየተሠራ፣ አሚቾ እየተቀቀለ አጥንቴ ጠገነ። ሌላው አልጠገነም። መስከረም ላይ ያሆዴ ሲከበር ቤቱ በዘመድ ተሞላ፤ አታካናው ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ መከተል እንደማልችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን ስሰማ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ፈገግ ብዬ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። የድሮ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ «ቲቸር፣ ከዘርዐ ያዕቆብ እስከ ልብነ ድንግል በአንድ ትንፋሽ ሲሉልን ትዝ ይለኛል፤ እስቲ ይድገሙልን» አለኝ፣ ሊያስደስተኝ። ዘርዐ ያዕቆብ፣ በእደ ማርያም፣ እስክንድር፤ ከዚያ ባዶ። ናዖድ አልመጣልኝም። ስሙን አላጣሁትም፤ ማታ ብቻዬን ስሆን መጣ። የጠፋኝ ተራው ነው። ጡረታዬን ስቀበል ቆጥሬ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። ጋዜጣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳነብ ርእሱን እረሳለሁ። እነዚያ ወራት ከጎዋ ሌሊቶች ይልቅ ከብደውኛል፤ በዚያ ሌሊት መወናበዴን አላውቅም ነበር፣ በእነዚህ ወራት ግን አውቃለሁ።

ትንሽ ሲሻለኝ ማንበብ ጀመርኩ፤ የእህቴ ልጅ እየፈለገ በስልኩ ያሳየኝ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም። ቤድፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ላንሴት ላይ «ከቀዶ ጥገና በኋላ አባባ እንደ ድሮው አልሆኑም» የሚለውን የቤተሰብ ቅሬታ ይዞ ጽፏል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በዚያው መጽሔት የታተመ የበርካታ አገሮች ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,218 ሰዎችን ከልብ ቀዶ ጥገና ውጭ ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ ፈተናቸው። በሳምንቱ 26 በመቶ ያህሉ፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት አእምሯቸው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባለሙያዎች ስያሜውን አስተካከሉ፤ እስከ 30 ቀን ያለውን ዘግይቶ የሚመለስ አእምሮ አሉት፣ ከዚያ እስከ ዓመት የሚቆየውን ሌላ ስም ሰጡት። ለኔ ስሙ ብዙም አላስጨነቀኝም። ቁጥሩ ግን አጽናናኝ። ከአሥር አንዱ ከሆንኩ ዘጠኙ አልፈውታል፤ ከአሥሩም አንዱ መሆን እብድ መሆን አይደለም።

መንስኤው አንድ አይደለም። ሰዎች ሁሉን በማደንዘዣው ያላክካሉ፤ እኔም አላክኬ ነበር። ግን በአሜሪካና በካናዳ የዳሌ ስብራት የነበረባቸው 1,600 ሰዎች ግማሾቹ በጀርባ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ ተኝተው ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት ዴሊሪየሙ በሁለቱም ወገን 20 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳየ። ቀዶ ጥገናው ራሱ በሰውነት ውስጥ የሚያስነሣው ብግነት አለ፣ ሕመም አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ጥም፣ የሽንት ቱቦ፣ የማይመች መድኃኒት፣ የተወለቀ መነጽር አለ። እነዚህ ሁሉ የሚያርፉበት አእምሮ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

በ2016 ዓ.ም. ሽንቴ ተዘጋ። ፕሮስቴት ነው፣ ይሠራ ተባለ። ከቱቦ ጋር ልኖር እመርጣለሁ አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም፣ ለእህቴ ልጅ ደወለች። እሱ በቡታጅራ መንገድ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ወራቤን አልፈን ስንሄድ 230 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ የነገሥታቱን ተራ በልቤ ስል ሄድኩ፤ ናዖድን አንዴም አልሳትኩም፤ ሱስንዮስና ፋሲለደስ ጋ ስደርስ ግን አንዳንዴ ልጁ አባቱን ይቀድመው ነበር።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ሐኪም ያለፈውን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወረቀት ሰጠችኝና ሰዓት ሳልልኝ አለችኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲል። ክቡን ሣልኩ፣ ቁጥሮቹን ደረደርኩ፣ ረጅሙን ዘንግ አሥር ላይ ልቀስረው ስል ቆም አልኩ። ሁለት ላይ መሆን እንዳለበት ዐውቃለሁ፤ እጄ ግን ወደ አሥር ይሄድ ነበር። እሷ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የነርቭ ሐኪም እንዲያየኝና የራስ ኤምአርአይ እንድነሣ ጻፈች። አገራችን ውስጥ የነርቭ ሐኪም ማግኘት ዛሬም ወረፋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዜሽኑ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነውና የሠለጠኑት አሁንም ጥቂት ናቸው።

ኤምአርአይ ቤቱ ምድር ቤት ነበር። ባለሙያው ልጅ «አባቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ነገር አለ?» ሲለኝ «ጭኔ ውስጥ አለ» አልኩት። ተቋረጠ። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ጨረር የለውም፣ በሰውነት ውስጥ ካለው ውሃ የሚመለሰውን ምልክት ነው ምስል የሚያደርገው። የገባው ብረት ዓይነት ካልታወቀ አያስገቡም። አጥንቴን የሠራው ሐኪም በስልክ እስኪገኝ ቀበቶዬን በአንድ እጄ፣ ሱሪዬን በሌላው ይዤ ተቀመጥኩ። ተፈቀደ። ሰዓቴን፣ ሳንቲሜን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሴን አስረከብኩ። ጆሮዬን ሸፈኑልኝ፣ ከጨነቀኝ የምጨምቃት የጎማ ኳስ በእጄ ሰጡኝ፣ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ አስገቡኝ። ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ያርፍና በሌላ ቅኝት ይጀምራል። የፈራሁት ማሽኑን አልነበረም፤ ጎዋ ይመጣ ይሆን ወይ ብዬ ነው። አልመጣም። ኳሷን ሳልጨምቅ ወጣሁ፤ እጄ ግን አልቦታል።

የነርቭ ሐኪሙ ምስሉን ስክሪን ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። የራሴን አንጎል ሳይ የተሰማኝ ኀፍረት ነው፤ ልብሴን ያወለቅሁ ያህል። በነጩ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም አንዱን ክፍል ከሌላው በሚያገናኙት የነርቭ ገመዶች መሃል፣ ደማቅ ነጠብጣቦች ተበታትነዋል። ለዓመታት የቆየ የደም ግፊት ትንንሾቹን የደም ሥሮች ሲጎዳ የሚተወው ምልክት ነው አለኝ። ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለማስታወስ ትልቅ ሥራ ያለው ክፍል፣ በመጠኑ ሳስቷል። «ይህ እብደት አይደለም፣ ገና የመርሳት በሽታም አልልዎትም» አለኝ። ከዚያ የሀዲያን መንገድ የሚያውቅ ሰው መሆኑን በሚያሳይ አነጋገር «ክረምት ላይ የገጠሩን መንገድ ያውቁታል፤ ባጃጅ ያሳልፋል፣ የተጫነ አይሱዙ ሲመጣበት ግን ይሰምጣል። የእርስዎ አእምሮ የዕለቱን ኑሮ ያሳልፋል። ኦፕራሲዮን፣ ኢንፌክሽን፣ እንቅልፍ ማጣት አብረው ሲመጡ ነው የሚሰምጠው» አለኝ።

«እንግዲያው ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ምን እንደሚያደርገኝ ምስሉ ይነግርዎታል?» ብዬ ጠየቅሁት። ያከበርኩት በመልሱ ነው። አይነግረኝም አለ። ቦስተን ውስጥ ሴጅስ በሚባል ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የመርሳት በሽታ የሌለባቸው 146 ሰዎች ከቀዶ ጥገናቸው በፊት ኤምአርአይ ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት የአንጎል መሳሳቱም ሆነ ነጠብጣቦቹ ማን ዴሊሪየም እንደሚይዘው ለይተው አላሳዩም። በቀጣዩ ዓመት ግን እነዚያው ተመራማሪዎች የውሃ እንቅስቃሴን በነርቭ ገመዶቹ ውስጥ በሚከታተል ረቂቅ የኤምአርአይ ዓይነት ሲያዩ፣ ኋላ የተወናበዱት ሰዎች ገመዶቻቸው ከመነሻውም የተዳከሙ ሆነው ተገኙ። ተስፋ አለ፤ ግን ለአንድ ሰው፣ ለእኔ፣ «አንተ ትወናበዳለህ» ብሎ የሚፈርድ ምስል የለም። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተነሣ ምስል ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 65 ዓመት የሞላቸውን 1,114 ሰዎች ከተሠሩ በኋላ ሲያነሳቸው፣ 7 በመቶው ማንም ያላወቀው፣ እነሱም ያልተሰማቸው ትንሽ ስትሮክ ነበረባቸው። ከዓመት በኋላ አእምሯቸው ዝቅ ያለው ከነዚህ ውስጥ 42 በመቶ ሲሆን ካልነበረባቸው ደግሞ 29 በመቶ ነበር።

በዚያ ቀን ከነርቭ ሐኪሙ ስወጣ፣ በመጀመሪያው ሆስፒታል ፊት ለፊቴ ተኝተው የነበሩት የዶዮገናው አዛውንት ትዝ አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ዙር የሚመጡት ሐኪሞች በአማርኛ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የት ነው ያሉት?» ይሏቸው ነበር። ዝም ይላሉ። ልጃቸው አንድ ቀን በከምባትሳ ጠየቃቸው፤ የገበያ ቀን መሆኑን፣ ዝናብ መዝነቡን፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ተናገሩ፤ የት እንዳሉ ግን አላወቁም። ግማሹ የቋንቋ፣ ግማሹ የሕመም ነበር። የሰዓት ሥዕሉም እንደዚያው ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ነው፤ እስክሪብቶ ይዛ የማታውቅ የጊምቢቹ ወይም የአንጋጫ እናት ክብ ባትሥል ምን ይፈረድባታል? ዓመተ ምሕረቱ በሁለት የሚቆጠርበት፣ የቀኑ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ በሚቆጠርበት አገር «ስንት ሰዓት ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ ማስተርጎም ይሻል። የምስሉ ትልቅ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ኤምአርአይ ሀዲይሳ ቻልክ አልቻልክ አይልም፣ ፊደል ቆጠርክ አይልም። ጉዳቱ ደግሞ ሆሳዕና ላለ ሰው መንገድ፣ ወረፋና ገንዘብ መሆኑ ነው፤ ጭኑ ተሰብሮ አልጋ ላይ ላለ ሰው ጨርሶ አይሆንም።

ቋንቋም ፊደልም የማይጠይቅ ሌላ ነገር ግን አለ። አውስትራሊያዊው ጆርም እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕክምና ያበረከተው መጠይቅ ታካሚውን ምንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አብሮት የሚኖረውን ሰው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲተያይ ነገር ማስታወሱ እንዴት ነው? ገንዘብ መያዙስ? ባለቤቴ በዚያ ኮሪደር ላይ መልሱን ሁሉ ይዛ ነበር። በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ በሀዲይሳም በከምባትሳም የሚሆን፣ መብራት ሲጠፋም የማይቆም ምርመራ። እኔ ኤምአርአዩን አልንቅም፤ ግፊቴን ከዚያ ወዲህ እንደ ነፍሴ የምጠብቀው እነዚያን ነጠብጣቦች በዐይኔ ስላየሁ ነው። ሆኖም ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን እንዴት እንደሠሩኝ የወሰነው በዋናነት ሚስቴ የተናገረችውና የመጀመሪያው ሌሊቴ ታሪክ ነው። ሐኪሟም ይህንኑ ነው ያለችኝ፤ አንዴ የተወናበደ ሰው እንደገና ሊወናበድ ይችላል።

ፕሮስቴቴ በጀርባ ማደንዘዣ ተሠራ። ፋይሌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዲያዜፓም አይሰጥ ተብሎ ተጻፈ። በጠዋቱ ተራ አስገቡኝና ሳልራብ፣ ሳልጠማ ተሠራሁ። መነጽሬ በክር አንገቴ ላይ ታሰረ። በማግስቱ አስቀመጡኝ፣ በሚቀጥለው አራመዱኝ። አንድ አስታማሚ ብቻ በሚፈቀድበት ክፍል ባለቤቴ ሌሊቱንም እንድታድር ተፈቀደ። ኒው ሄቨን፣ አሜሪካ፣ በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙ 852 አረጋውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ልክ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ሞክሮ ነበር፤ ማነጋገር፣ ማራመድ፣ ማስተኛት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ፣ ውሃ። ዴሊሪየሙ ከ15 በመቶ ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። እዚያ ለዚህ ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ይመደባል። እኛ ዘንድ አስታማሚው ከምግብ ሳህኑ ጋር በሩ ላይ ቆሞ «ውጡ፣ ዙር ነው» ይባላል።

ሁሉም በሰላም አለፈ ማለት አልችልም። በሁለተኛው ሌሊት ጥበቃው ሲያልፍ ደብዳቤው ትዝ አለኝ። «ደብዳቤው የታለ?» አልኳት ባለቤቴን። አልጮኸችም፣ «ሊዝበን ደርሷል፤ ተኛ» አለችኝ። ተኛሁ። ጠዋት ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ ነርሷ ገብታ ምን አገኛችሁ እስክትል ድረስ። የነገሥታቱ ተራ ዛሬ እስከ ሱስንዮስና ፋሲለደስ ድረስ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ጎንደሮች እንደፈለጋቸው ይገባሉ ይወጣሉ፤ ተውኳቸው።

ባለፈው ዓመት ዱራሜ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ወዳጄ ደወለልኝ። እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ያሳለፍኩትን ስለሚያውቅ «አዲስ አበባ ወስጄ ኤምአርአይ ላስነሳት?» አለኝ።

«ተሰብረው በዚያ መንገድ? ይልቅ ከመውደቃቸው በፊት እንዴት ነበሩ?» አልኩት።

«ትንሽ ትረሳለች። የጎረቤቱን ልጅ በእኔ ስም ትጠራዋለች።»

«ይህንን ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«አልጠየቀኝም።»

«ሳይጠይቅህ ንገረው። ሌሊት ማን ነው የሚያድረው?»

«እህቴ። ከምባትሳ በደንብ ትናገራለች፣ እኔ እንኳ ከተማ አበላሽቶኛል።»

እናቱ በሁለተኛው ቀን ተሠሩ። በማግስቱ ደወልኩ። «ሌሊቱን ሙሉ ላሚቱን ፈልጉልኝ ስትል አደረች» አለኝ። ላሚቱ ከተሸጠች ዓመታት አልፈዋል። እህቱ አልተከራከረቻቸውም፣ ታስራለች ብላ አስተኛቻቸው። ሐኪሙም ሽንታቸውን አስመረመረ፣ የሚያስተኛ መርፌ እንዳይሰጣቸው አዘዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱ ደወለልኝ።

«አሁንስ ላሚቱን ይጠይቃሉ?» አልኩት።

«አሁን መሸጧን ታውቃለች» አለኝ። «በስንት እንደሸጥኳት ነው የምትጠይቀኝ። ስነግራት ደግሞ ተታለሃል ትላለች።»